ይከፈት

ልጅ ሳለሁ «ማንሳት» የሚለውን ቃል ያህል የምወደው ቃል አልነበረም። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጢሙን በትንሽ መቀስ የሚከረክም ቀጭን ሰው ነው፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ፊቱ የተቀመጠውን ሁሉ «ቀና በል» ስለሚል ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ቀና ይለዋል። እሱ ሰው ያነሳል፤ ሰው ይነሳል። ተነስቶ የማያውቅ ሰው ያሳዝነኝ ነበር። እኔም ተነስቼ ስለማላውቅ ለራሴ የማዝነው ሐዘን ልክ አልነበረውም።

ወንድሜ ግን ቃል ገብቶልኛል። የወለቁት የፊት ጥርሶቼ ሲበቅሉ አብረን እንነሳለን ብሏል። አባታችን እኔ ሳልወለድ ስለሞተ ወንድሜ ለእኔ ወንድምም አባትም ነበር። ክር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ቁመቱ ከበራችን ስለሚበልጥ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ እጁን የቱንም ያህል ቢታጠብ የማሽን ዘይት ሽታ አይለቀውም። ማታ ማታ ከሥራ በፊት አፌን አስከፍቶ ድዴን በጣቱ እየነካ፣ «ገና ናቸው ሚጢጢ፤ ጥርሶችሽ እንዳንቺ ሰነፎች ናቸው» ይለኛል።

የፋብሪካው ሠራተኞች ሰልፍ በወጡበት ሳምንት ሰፈሩ የተቃጠለ ጥጥ ይሸት ነበር። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አንድ ቁልፍ ያወራሉ። ከወሬያቸው ለቃቅሜ የተረዳሁት፣ አንድ የፋብሪካ አለቃ ቁልፍ በኪሱ ይዞ ሻይ ሊጠጣ መሄዱንና ሰው ሁሉ በዚህ መቆጣቱን ነው። እኔም አንድ ጊዜ የቤታችንን ቁልፍ ጥዬ እናቴ ስለቆነጠጠችኝ ለአለቃው አዘንኩለት። ሰው በቁልፍ እንዲህ ይጨካከናል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፈታይ ሴቶቹ በሥራ ሰዓት ወጣ ገባ እንዳይሉ የመፍተያ ክፍሉ በር ከውጭ ይቆለፍ ነበር። እሳቱ የተነሳው አለቃው ሻይ ቤት ሳለ ነው። ወንድሜ በሩን በመዶሻ ሰብሮ የደረሰላቸው አሉ፤ ያልደረሰላቸውም አሉ። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት የማውቀው አልጋችን ላይ አንሶላ አለመኖሩን ብቻ ነበር።

አንሶላውን የወሰደችው እናቴ ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቤታችን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተለይቶ አያውቅም፤ ሰውንም ከስሙ ይልቅ በልብሱ ነው የምታስታውሰው። አንሶላውን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ከጥቁር ገበር ፊደል እየቆረጠች፣ በስፌት መኪናዋ አንድ በአንድ ሰፋችበት። ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ዓመት ነበርና ለማንበብ የቀደመኝ የለም፤ «በር ይከፈት» ይላል። የማን በር ነው ብዬ ብጠይቅ ወንድሜ የፋብሪካው ነው አለኝ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ቅኔ የለበትም። በር ነው፣ ይከፈት ነው።

በሰልፉ ቀን እናቴ ከቤት ንቅንቅ እንዳልል አስጠንቅቃኝ ነበርና በመስኮት ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ከጀርባዎቹ በላይ ጋሼ ቀና ከፎቶ ቤቱ ፎቅ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ካሜራውን ቁልቁል ሲደግን አየሁት። ቀጥሎ ጩኸት መጣ፣ ሩጫ መጣ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ጫማ ጠጋኙ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ የቀሩትን ነጠላ ጫማዎች ይለቅም ጀመር። ሲሳይ ወረደለት ብዬ ደስ አለኝ። ጫማዎቹን ከበሩ ሥር ደርድሯቸው ለብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ባለቤት የመጣላቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ፈታይ ሴት ወደ ቤታችን መጣች። ወንድሜ ከእሳቱ ካወጣቸው አንዷ ናት፤ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ልጁን አነሱት» አለች።

እናቴ የት ብላ ጠየቀች።

«እዚሁ፣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ። ግራና ቀኝ ሆነው አነሱት።»

ፎቶ ቤቱ በር ላይ። ታዲያ ሌላ ምን ልረዳ? በዚያ ዘመን ሰው «አሰሩት» አይልም ነበር፤ ቃሉን ጆሮ የሚጠብቀው ይመስል ይፈሩታል። መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ እንደሚነሳ «አነሱት» ይላሉ፤ የተነሳውም ሰው በዚያው ውሃ ይበላዋል። እኔ ግን የማውቀው አንድ ማንሳት ብቻ ነው። ወንድሜ ያለ እኔ ተነሳ። ጥርሴ እስኪበቅል እንኳ መጠበቅ አቃተው። በንዴት ማልቀስ ስጀምር እናቴ ወደ ደረቷ ሳበችኝና እሷም አለቀሰች። የሚገባኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ለአንድ ፎቶ ግን ይህን ያህል ማልቀሷ ሳይገርመኝ አልቀረም።

በማግስቱ እናቴ በየጣቢያው ልጇን ፍለጋ ስትሄድ እኔም የራሴን ፍለጋ ወጣሁ። ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። በጓሮ ዞሬ በማጠቢያው ክፍል በኩል ገባሁ። ጋሼ ቀና በቀዩ መብራት ሥር ብቻውን ቆሟል፤ ያጠባቸው ፎቶዎች እንደ ልብስ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ።

«ጋሼ፣ ወንድሜን አንስተኸዋል አሉ፤ ስጠኝ» አልኩት።

የያዘው ሳህን ከእጁ ወደቀ። ማን እንዲህ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ፣ ሰው ሁሉ አልኩት። ሰው ሁሉ። ያን ጊዜ የፊቱ መልክ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ መብራቱ ቀይ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲያ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ከተሰቀሉት ውስጥ ትልቁን ወዲያው ለየሁት። ነጭ የለበሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። መሀል ላይ ያቺ እጇን በፋሻ የታሰረችው ፈታይ አፏን ከፍታ ወደ ጎን ታያለች። የእናቴ አንሶላ ከራሳቸው በላይ ተወጥሯል። ጥግ ላይ፣ «በር» ከሚለው ቃል ሥር፣ ወንድሜ አንሶላው የተሰቀለበትን እንጨት ይዟል። ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን በክንዳቸው ቆልፈውታል። ጓደኞቹ መሰሉኝ፤ እንዲህ የሚዋደዱ ጓደኞች እንዳሉት ባለማወቄ ቅር አለኝ። እሱ ግን እነሱን አያይም። ቀና ብሎ ፎቅ ላይ ያለውን ጋሼ ቀናን ነው የሚያየው፤ አፉም ተከፍቷል። አንሳኝ የሚለው መሰለኝ። አሁንም ቢሆን የሚለው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ነው የተለወጠው።

ውጭ መኪና ቆመ፤ የፊቱ በር ተደበደበ። ጋሼ ቀና ፎቶውን ከገመዱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፣ የብረት ማስመሪያ አስደግፎ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቆረጠው። ቀጥሎ ፊልሙን አውጥቶ እሱንም ቆረጠ፤ የፊልሙን ቁራጭ ምድጃው ላይ ጣለው፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የፎቶውን ቁራጭም ወደ እሳቱ ወሰደና ዓይኔን ሲያይ እጁን መለሰ።

«ወንድምሽ ይኸውልሽ። ለእናትሽ ስጪ። ከየት አመጣሽው ላለሽ ሁሉ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት በይ፤ እሺ?»

በጓሮ በር አስወጣኝ። እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። ቁራጩ ላይ ወንድሜ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ «በር»፣ እና የ«ይ» ጫፍ ነበሩ። የቀረው እዚያው ቀረ። ለአንዲት ልጅ ብሎ ትልቅ ፎቶውን ያበላሸ ደግ ሰው ብዬ ለዓመታት መርቄዋለሁ።

እናቴ ቁራጩን ስታይ ጩኸት አላሰማችም። የክት ቀሚሷን ለብሳ እኔንም ፊቴን አጥባ ይዛኝ ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ ያልሄደችበት ቢሮ አልነበረም፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም ብለዋት ነበር። የምትፈልገው ልጄን ፍቱልኝ ማለት እንኳ አልነበረም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለችም። ወስደነዋል የሚል አንድ ሰው ነው የፈለገችው። አሁን በእጇ ማስረጃ ይዛለች።

ቢሮው ንጹሕ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ እግሬን መሬት አያስነካም። ሹሙ ጥፍሩ የተሞረደ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው አላነሳንም» አላት።

እናቴ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኸው አንስታችሁታል» አለች።

ሹሙ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ጊዜ አየው። ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ፣ እኔ ቀድሜ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት አልኩ፤ ከመሳቢያው ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁራጩን በዚያው መሳቢያ ውስጥ ከተተና አጣርተን እንጠራዎታለን አለ። ፎቶው አምሮት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው የሚያምረውን ነገር መሳቢያ ውስጥ ይከታል። በመንገድ ላይ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ እናቴን ፎቶዬን መቼ ይመልሳል አልኳት። እጄን አጥብቃ ስለያዘችው አመመኝ።

አልተጠራችም። ሳትጠራ ትሄድ ነበር። የሹሙ ፀጉር ሸበተ፣ ሹሙ ተቀየረ፣ ቢሮው ሌላ ቀለም ተቀባ፤ እሷ ያችኑ ቀሚስ እየጠገነች ትሄዳለች። ሞቷል ቢሉኝም እቀበላለሁ፣ አላየነውም አይበሉኝ ትል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ መንግሥት ወደቀ። አዲሶቹ ሰዎች የቀድሞውን የተቃወመ ሰው ምስል ሲፈልጉ ጋሼ ቀና የቀረውን ፎቶ የደበቀበትን ሣጥን ከፈተ። ያን ፎቶ ዛሬ የማያውቀው የለም። የመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ሆነ፣ ቴምብር ሆነ፣ የአደባባይ ሐውልት ሆነ። ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ መሀል ላይ አፏን የከፈተች ሴት፣ ከራሳቸው በላይ አንድ ቃል፤ «ይከፈት»። ምን ይከፈት? የተማሩት ሰዎች በዚህ ተከራክረው አይጠግቡም። አንዱ አእምሮ ነው አለ፣ ሌላው የነፃነት ደጅ አለ፣ ሰማይ ነው ያለም ገጣሚ ነበር። ባንኩ ደግሞ ፎቶውን በግድግዳ ሙሉ አሠርቶ ከሥሩ «ሂሳብ ይከፈት» ብሎ ሰቀለው። በእሳቱ ስላለቁት ሴቶችም ሆነ ስለዚያ በር የሚያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ሰልፉም «የይከፈት ሰልፍ» ተባለ፤ ያጥቢያ አርበኛው በዛ። ነበርኩበት የማይል ሽማግሌ ጠፋ። ያ መንገድ አሁንም አለ፤ ሁለት መኪና እንኳ ጎን ለጎን አያሳልፍም።

እናቴ ወደ ጋሼ ቀና ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ያን ጊዜ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ የሚያንጠለጥል የተከበረ ሰው ሆኗል። ሌላ ነገር አልለመነችውም፤ ፎቶው ግራ ጎን ነበረው ብለህ ተናገር አለችው። ሻይ አቀረበልን።

«እትዬ፣ ሰው ያን ፎቶ የሚወደው የሚያለቅስበት ሰው ስለሌለ ነው» አላት። «የእርስዎን ልጅ ብጨምርበት ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?»

እናቴ ሻዩን ሳትቀምስ ተነሳች። እኔ ያን ቀን ጠላሁት፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልማርኩትም። በዕድሜው አንድ ጊዜ ጀግንነት ሠርቷል፤ ያችን ቁራጭ እሳት ውስጥ ሳይጨምር ለልጅ መስጠቱ ነው። ሲሸለም የኖረው ግን በሌላው ነው። ሲሞት በክብር ተቀበረ፤ ፈታይዋም ቀደም ብላ ሞታ ነበርና፣ ያየ ሰው በዚሁ አለቀ።

ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሰልፉ ኤግዚቢሽን የከፈተ ጊዜ እናቴ በእኔ ክንድ ተደግፋ ነበር የምትራመደው። አትሂጂ፣ ትደክሚያለሽ ብላትም እምቢ አለች። ፎቶው የአዳራሹን ዋና ግድግዳ ይዟል። ወጣት አስጎብኚ የተማሪዎች ቡድን ሰብስባ ታስረዳለች። ሰልፉ እንደ ሠርግ ያለ ነበር አለቻቸው፤ ፊታቸውን እዩ፣ አንድም ሰው አልተነካም። ከዚያ መሀል ያለችውን ሴት ዓይን በዱላ አመለከተች።

«ወዴት እንደምታይ ልብ በሉ። ነገን ነው የምታየው።»

እናቴ በሹክሹክታ «ልጄን ነው» አለች። ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እኔ እንኳ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ምን ይዤ? በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት አንዲት ጎልማሳ ሴት ተነስታ ይህ ፎቶ ጎን ነበረው ብትል፣ ልጆቹ ለአስጎብኚዋ ያዝናሉ እንጂ ለእኔ አያዝኑም። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ማፈሬም አናደደኝ።

ይኸኔ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተማሪዎቹን ሰንጥቆ ወደ ፊት ወጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከፎቶው ዳር ወጣ ብሎ ባዶውን ግድግዳ በጣቱ ነካ። «እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ፤ ፎቶ አንሺው ቆረጠኝ እንጂ» አለ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። ጣቱ ያረፈበት ቦታ የወንድሜ ቦታ ነው።

እናቴ ክንዴን ለቃ ወደ ሰውዬው ሄደች።

«ጌታዬ፣ እዚያ ዳር ላይ እንጨቱን የያዘ ረጅም ልጅ ነበር። አይተውታል?»

«እንዴት አላየውም፤ ከጎኔ እኮ ነበር።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ፎቶው ገልመጥ አለ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። «ነጭ ሸሚዝ» አላት።

ወንድሜ ነጭ ሸሚዝ ኖሮት አያውቅም። ከሌሊት ፈረቃ ቀጥታ ነው ሰልፍ የወጣው፤ የለበሰው ሰማያዊ የፋብሪካ ቱታ ነው፣ ጉልበቱን በዋዜማው የጣፈችለት ራሷ እናቴ ናት። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ወደ ኋላ ሳትዞር እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ከዚያስ?» አለችው።

«ከዚያማ ምን አለ፣ እናቴ። ሰልፉ አለቀ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን።»

«እሱም?»

«እሱም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። በሕይወቷ ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት አየሁት ያላት ሰው አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ ያገኘችው ይህንን ውሸታም ነው።

በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ግዢልኝ አለችኝ። ለምን አላልኳትም። ዓይኗ ስለደከመ መርፌውን እኔ ክር አስገባላታለሁ፤ መቁረጡን ግን ለማንም አልሰጠችም። ልክ አላስፈለጋትም። ትከሻውን፣ ክንዱን፣ የአንገቱን ዙሪያ በቃሏ ታውቀዋለች። ቀን ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እቃጠላለሁ። በሽማግሌው ተናድጃለሁ፣ በአስጎብኚዋ ተናድጃለሁ፣ ከሁሉም ይልቅ ግን በእሷ። ያንን ሁሉ ዘመን ያልሸጠችውን እውነት ለአንድ ባርኔጣ ለባሽ በነፃ ሰጠችው። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ቱታ እኮ ነው የለበሰው። አንቺ ራስሽ ነሽ የጣፍሽለት።»

ቀና እንኳ አላለችም። «ሰው አይቶታል» አለች። «አንቺ አላየሽም።»

እውነቷን ነው። እኔ ያየሁት ጀርባ ብቻ ነው።

የሸሚዙን ቁልፎች በሰፋች በጥቂት ወራት ሞተች። ሸሚዙ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ፤ ልጥለውም ለሰው ልሰጠውም አልሆነልኝም። ባለፈው ወር ልጄ ዕቃ ስትፈልግ አገኘችው። ለይከፈት ቀን ትምህርት ቤታቸው የሰልፉን ዘመን ዕቃ አምጡ ብሏቸዋል፤ እሷ የምትወስደው አጥታ ስትነጫነጭ ነበር። ሸሚዙን ወደ ብርሃን አውጥታ እያገላበጠች የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የአጎትሽ ነው አልኳት። ሰልፍ የወጣበት ነው አልኳት። ከዚያ ካውያውን አግዬ እጅጌውን እየወጠርኩ ተኮስኩላት።